ቀለም የሌለው ብር

ዛሬ ስለ ገንዘብ እናነባለን። እስቲ ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ብር አውጥታችሁ እዩት። ፊደል ከመቁጠራችሁ በፊትም ታውቁት ነበር። አረንጓዴው አሥር ብር ነው። ሐምራዊው ሁለት መቶ ብር ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ በቀለሙ ይለየዋል።

በስልክ የሚላክ ብር ግን ቀለም የለውም። ቁጥር ብቻ ነው።

ባለፈው የገበያ ቀን መንጌ ላይ ያየሁትን ላጫውታችሁ። ከተማሪዎቻችን አንዷ እናት ፍየል ለመሸጥ ወጡ። በ5,200 ብር ተስማሙ። ገዢው፣ «ጥሬ ብር አልያዝኩም፤ በስልክ ልላክልዎት» አላቸው። እሺ አሉ። ስልካቸው ጮኸ። ገዢው ፍየሏን መጎተት ጀመረ።

«ቆይ ልጄ፣ ላንብበው» አሉት። በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። አምስት፣ ሁለት፣ ዜሮ። «ይኼ ሦስት አሃዝ ነው። የእኔ አራት መሆን አለበት» አሉ።

የተላከው 520 ብር ነበር! ገዢው፣ «አንድ ዜሮ ረስቼ ነው» አለና የቀረውን 4,680 ብር ላከ። ረስቶ ይሁን አውቆ፣ አላህ ይወቀው። እኚህ እናት ባያነቡ ኖሮ ግን ፍየሏ በከንቱ ሄዳ ነበር።

ገንዘብ መልኩን ሲለውጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ጥንት በሀገራችን አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር። አሞሌ ዝናብ ካገኘው ይሟሟል። ከባሕር ማዶ የመጣው ማርትሬዛ አይሟሟም፤ ግን ለተሸካሚ ይከብዳል። እዚህ በእኛ አካባቢ በሼህ ሆጀሌ ዘመን ለአዲስ አበባ ግብር የሚገባው በወርቅ ነበር። በ1937 ዓ.ም. መንግሥት የወረቀት ብር አወጣ። ብዙ ሰው ግን ለጊዜው ከወረቀቱ ይልቅ ማርትሬዛውን ያምን ነበር።

በስልክ መክፈልም እንደዚሁ ቀስ በቀስ መጣ። በጎረቤታችን በኬንያ ኤም-ፔሳ የተጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። በሀገራችን ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ተጀመረ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ መኪና ነጂዎች ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መግዛታቸው ቀርቶ በስልክ እንዲከፍሉ ታዘዘ።

ታዲያ የወረቀት ብር ሊቀር ነው? ቶሎ አይቀርም። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል። ኔትወርክ ይጠፋል። ኮምፒዩተርም ይሳሳታል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ኮምፒዩተር ተሳስቶ፣ ሰዎች በሂሳባቸው ከነበራቸው በላይ ብር አውጥተዋል። የወረቀት ብርም ችግር አያጣውም። ይቀደዳል፣ ይሰረቃል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲለወጡ፣ አሮጌውን ብር ለመቀየር የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነበር። በጊዜው ሳይሰማ ጓዳው ውስጥ ደብቆ ያቆየ ሰው ከሰረ። ስለዚህ ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም አብረው ይኖራሉ።

በሁለቱም መካከል የምንጠበቀው በማንበብ ነው። ሦስት ነገር አንርሳ።

አንደኛ፦ ዕቃችንን ከማስረከባችን በፊት የመጣውን መልእክት ራሳችን እናንብብ። አሃዙን እንቁጠር።

ሁለተኛ፦ የምስጢር ቁጥራችንን ለማንም አንንገር። «ከባንክ ነው የምደውለው» ለሚለንም ቢሆን። የምስጢር ቁጥር የጎተራ ቁልፍ ነው።

ሦስተኛ፦ «ስጡኝ፣ እኔ ልነካካላችሁ» ለሚል ሰው ስልካችንን አንስጥ። ያልገባንን ለምናምነው ልጃችን እናሳይ፤ ቁጥሩን ግን ራሳችን እንጻፍ።

መልመጃ፦ እነዚህን ቁጥሮች ጮክ ብላችሁ አንብቡ። 75፣ 750፣ 7,500። ፍየላችሁን በ7,500 ብር ሸጣችሁ። ስልካችሁ 750 ቢል ስንት ብር ቀረባችሁ? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ማታ ለቤተሰባችሁ አንብቡላቸው።