ከእንጦጦ ወደ ናፖሊ፦ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስና በባዕድ ከተማ ዋጋ ያወጣው አማርኛ

ወደ ባዕድ ከተማ ሄዶ የሚኖር ሰው ከያዘው ዕውቀት መካከል በዚያ ዋጋ የሚያወጣው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ አያውቅም። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ወደ ጣሊያን የተላኩት ሥዕል እንዲማሩ ነበር፤ እንጀራ የሆናቸው ግን ከአገራቸው ይዘውት የሄዱት ቋንቋ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የናፖሊ ኑሯቸው እንዴት ለመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መወለጃ እንደሆነና ይህ ዕድል ምን ዋጋ እንዳስከፈለ ማብራራት ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የቀረቡ ናቸው።

ከጋራው ወደ ቶሪኖ

አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የምኒልክ መቀመጫ እንጦጦ ነበር። ዛሬ የማርያም፣ የራጉኤልና የኪዳነ ምሕረት አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙበት ይህ ጋራ ከተማይቱ ከተመሠረተች በኋላም ክብሩን አላጣም፤ ምኒልክ በ1889 ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው።

በ1868 በጣና ዳር በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ በ1887 ወደ ጣሊያን ተልከው በቶሪኖው የአልቤርቲና የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሥዕል አጠኑ። ተመልሰውም በእንጦጦ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠሩ፤ ይሁን እንጂ ከቤተ መንግሥቱ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ሻከረ። በ1894 ከሌሎች ሁለት ወጣቶች ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ። በማግስቱ ዓመት ግን ትምህርቱን ትተው ወደ ጣሊያን ተሻገሩ። ጊዜው ሁለቱ አገሮች ወደ ዐድዋ የሚያመሩበት ስለነበር ጉዞው ከተማ መለወጥ ብቻ አልነበረም፤ አገራቸውን ሊወጋ በተሰናዳ መንግሥት ጥላ ሥር መግባት ነበር።

ናፖሊ አማርኛን ለምን ፈለገች?

ጣሊያን በ1885 ምጽዋን ይዛ በ1890 ኤርትራን ቅኝ ግዛቷ አድርጋ ነበር። በ1889 የተፈረመው የውጫሌ ውል ደግሞ የቋንቋን ጉዳይ የጦርነት ጉዳይ አደረገው። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መጻጻፍ እንደሚችሉ ሲፈቅድ፣ የጣሊያንኛው ቅጂ ግዴታ ያደርግባቸዋል። ከዚህ በኋላ አማርኛ የሚያውቅ ጣሊያናዊ ማፍራት የመንግሥት ሥራ ሆነ።

ለዚህ የሚመች ተቋም በናፖሊ ይገኝ ነበር። ሚሲዮናዊው ማቴዮ ሪፓ በ1732 ለቻይናውያን ወጣቶች ያቋቋመው ኮሌጅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዘመናዊ የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም ሆኖ ነበር። አፈወርቅ በ1902 ከፍራንቸስኮ ጋሊና ጋር አማርኛ ማስተማር የጀመሩት በዚህ ተቋም ነው።

የአፍ መፍቻን ቋንቋ ለባዕድ ማስተማር ቋንቋውን እንደ አዲስ ማየትን ይጠይቃል። አንድ ምሳሌ ይበቃል። «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው፤ ፊደሉ ግን ይህንን ልዩነት አያሳይም። የአገሬው ሰው ከዐውዱ ስለሚረዳው ጥያቄም አይሆንበትም፤ ናፖሊ ላይ የተቀመጠ ተማሪ ግን ደንቡን ይጠይቃል። በ1905 የታተመው የአፈወርቅ የአማርኛ ሰዋስውና በ1911 የታተመው የአማርኛ ግስ መጽሐፋቸው፣ ሁለቱም በጣሊያንኛ የተጻፉ፣ እንዲህ ላለው ጠያቂ የተዘጋጁ ናቸው።

የልብ ወለዱ መወለድ

በ1908 ሮማ ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» ታተመ። መጽሐፉ የጦቢያንና የመንታ ወንድሟን የዋሕድን መለያየትና መገናኘት የሚተርክ ሲሆን «ጦቢያ» በሚለው ስሙም ይታወቃል። ዛሬ የድርሰቱን ዓይነት የምንጠራበት «ልብ ወለድ» የሚለው ስያሜ ከዚህ ርዕስ የመጣ ነው።

መጽሐፉ ከአገር ርቆ መወለዱ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ሮማ የግእዝ መዝሙረ ዳዊት ከታተመባት ከ1513 ጀምሮ የፊደላችንን ማተሚያ ታውቃለች። በተቋሙ ደመወዝ ነበር፤ ሕያው የሆነ ስድ ንባብ የሚያስፈልጋቸው ተማሪዎችም ነበሩ። ከቅኝ ግዛት ፍላጎት የበቀለው ይህ ሁኔታ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ያልታሰበ ስጦታ አመጣ።

ሆኖም የሁለት አገር ሰው መሆን በብዕራቸው ላይ ምልክቱን ትቷል። በዚያው በ1908 ለውጭ ተጓዦች በፈረንሳይኛና በአማርኛ ባወጡት መምሪያ የምኒልክን አስተዳደር ነቀፉ፤ በ1909 ለአማርኛ አንባቢ ባሳተሙት «ዳግማዊ ምኒልክ» ግን ንጉሡን አወደሱ። የሚናገሩት ማን እንደሚያደምጥ እያዩ ነበር።

የተከፈለው ዋጋ

አፈወርቅ ናፖሊን ከለቀቁ በኋላ ኤርትራ ቆይተው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። በድሬዳዋ ጉምሩክ፣ የውጭ ዜጎችን ጉዳይ በሚያይ ልዩ ፍርድ ቤት፣ በመጨረሻም በሮማ የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ሆነው አገለገሉ። ለእነዚህ ሹመቶች ያበቃቸው ጣሊያንንና አውሮፓን ማወቃቸው ነበር። በ1936 ወራሪው አዲስ አበባን ሲይዝ ያው ዕውቀት ወደ ሌላ ጌታ ዞረ፤ «አፈ ቄሳር» ተብለው «የቄሳር መንግሥት መልእክተኛ» የተባለውን ጋዜጣ አዘጋጁ። ከነጻነት በኋላ ተፈርዶባቸው ወደ ጅማ ተጋዙ፤ በዚያው በ1947 አረፉ።

አንዳንዱ ለሥነ ጽሑፉ ሲል ክህደቱን ያቃልላል፤ ሌላው ለክህደቱ ሲል ሥነ ጽሑፉን ይንቃል። የናፖሊ ዓመታት የሚያሳዩት ግን ሁለቱም ከአንድ ምንጭ መቅዳታቸውን ነው፦ አማርኛን ከፈለገው የባዕድ መንግሥት ደጅ። ፍላጎቱ ዕድሉን ፈጠረ እንጂ ምርጫውን አልወሰነም፤ ምርጫው የአፈወርቅ ነበር። ስለዚህ ወደ ውጭ ስለሚሄድ ምሁር ስናጠና ምን ተማረ ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ዕውቀቱን የፈለገው ማን ነው፣ ለምንስ ፈለገው የሚለው ጥያቄ አብሮ መነሣት አለበት።