የፔጆ ማርሚታ፦ ድምፁን አፍኖ ጭሱን ማሳለፍ

ፔጆ 404 ለአሥርተ ዓመታት የድሬዳዋና የሐረር ታክሲ ነበረች። ባጃጅ መንገዱን ከያዘ ወዲህ ቁጥሯ ቢመናመንም ከነጭራሹ አልጠፋችም። ፋብሪካው መኪናዋን ለገበያ ያቀረበው በ1960 እ.ኤ.አ. ሲሆን ቅርጿን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። ፈረንሳይ ውስጥ የቤት መኪናዋ ምርት የቆመው በ1975 እ.ኤ.አ. ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ. አንደኛ የወጣችው እርሷ ናት፤ ጠጠርና አቧራ እንደምትችል ያስመሰከረችው ያኔ ነው።

እንዲህ ያለች መኪና ሞተሯ ይታደሳል፣ ላሜራዋ ይጠገናል፣ ወንበሯ ይሰፋል። ማርሚታዋ ግን አይታደስም። ከጊዜ ብዛት ይበሰብስና ይጣላል፣ ሌላ ይተካል። ግማሽ ምዕተ ዓመት የሠራች ፔጆ ስንት ማርሚታ እንደለወጠች ባለቤቷም አይቆጥረውም። ፋብሪካው ዕቃውን በብዛት ማምረት ካቆመ በኋላ ምትኩን ማግኘት የባለቤቱና የበያጁ ሥራ ሆኗል።

ድምፁ ከየት ይመጣል? የፔጆዋ ሞተር አራት ሲሊንደር አለው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት የጭስ ቫልቮች ስለሚከፈቱ፣ በሴኮንድ 100 ጊዜ የታመቀ ትኩስ ጋዝ ወደ ቱቦው ይወረወራል። ጋዙ ከሞተሩ ሲወጣ ሙቀቱ ከ600 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊበልጥ ይችላል። ጆሯችንን የሚያደነቁረን ይህ የተደጋገመ ግፊት ነው። ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች፣ ማርሻልና ሚልተን ሪቭስ፣ በ1897 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያወጡበት መፍትሔ ዛሬም መሠረቱ አልተለወጠም፦ ጋዙን ከጠባብ ቱቦ ወደ ሰፊ ክፍል መልቀቅ ነው። በጠባብ ሸለቆ የሚጋልብ ጎርፍ ሜዳ ሲደርስ ኃይሉ እንደሚበተን፣ የጋዙም ግፊት በሰፊው ክፍል ይረግባል። ከክፍሉ ግድግዳ የሚመለሰው የድምፅ ሞገድ ደግሞ ከኋላው የሚመጣውን ያዳክመዋል።

ከዚህ ተነሥቶ ሁለት ዓይነት ማርሚታ ይሠራል። አንደኛው ውስጡ በላሜራ የተከፋፈለ ነው፤ ጋዙ ከክፍል ወደ ክፍል እየዞረ ይወጣል። ድምፁን ጥሩ አድርጎ ያፍናል፤ መተላለፊያው ከጠበበ ግን ሞተሩንም ያንቃል። ሁለተኛው ቀጥ ያለ የተበሳሳ ቱቦ ሆኖ ዙሪያውን የብርጭቆ ክር ወይም የብረት ሱፍ የተጠቀጠቀበት ነው። ጋዙን እንደ ልብ ያሳልፋል፣ ጩኸቱ ግን ከፍ ይላል፤ ሱፉ ሲቃጠልና ሲበተን ደግሞ ይብስበታል።

ማርሚታ ከውጭ በድንጋይ ከመመታቱ በፊት ብዙ ጊዜ ከውስጥ ይበላል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይፈጥራል። ሞተሩና ቱቦው ሲግሉ ውሃው በእንፋሎት መልክ ይወጣል። በአጭር ምልልስ የሚውል ታክሲ ግን ማርሚታው በደንብ ሳይግል ሞተሩ ስለሚጠፋ ውሃው ከድኝ አሲድ ጋር ታችኛው ሆድ ላይ ይጠራቀምና ብረቱን ይበላዋል። ለዚህ ነው ጥሩ ሠሪ ዝቅ ባለው ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ የማንጠባጠቢያ ቀዳዳ የሚተወው። የድሬዳዋ ደረቅ አየር ከውጭ በኩል ዝገቱን ቢያዘገየውም ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ዋሂልና ወደ ሌሎቹ የገጠር ቀበሌዎች የሚወስደው ድንጋያማ መንገድ ከታች እየደበደበ ሥራውን ይጨርሰዋል።

ምትክ ሲፈለግ የመጀመሪያው መንገድ እንዳለ መግዛት ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ላቫንቱር ፔጆ የተባለው የፈረንሳይ ማኅበር ለአሮጌ ፔጆዎች መለዋወጫ ያቀርባል። ችግሩ ማርሚታ ቀላል ሆኖ ቦታ የሚበላ ዕቃ መሆኑ ነው፤ የማጓጓዣው፣ የቀረጡና የውጭ ምንዛሪው ወጪ ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የቮልስ ባለቤት በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። ያቺ መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ስለተሠራች ምትክ ዕቃዋን የሚያመርተው ብዙ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የሌላ መኪና ማርሚታ ማላመድ ነው። መርካቶ ሱማሌ ተራ ከተፈቱ መኪኖች የወጣ ማርሚታ ይገኛል። የፔጆዋ ሞተር 1,618 ሲሲ ስለሆነ ለ1,600 ሲሲ ሞተር የተሠራ ማርሚታ አቅሙ ይመጥናታል። የሚያስቸግረው ርዝመቱ፣ የቱቦዎቹ አቅጣጫና መስቀያው ነው። እነዚህን ግን ቆርጦና በይዶ ማስተካከል ይቻላል።

ሦስተኛው ከባዶ መሥራት ነው፤ ድሬዳዋም ለዚህ እንግዳ አይደለችም። ከተማዋ የተቆረቆረችው የጅቡቲው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ነው፤ የምድር ባቡሩ ጋራዥም ከውጭ ያልመጣለትን መለዋወጫ እዚያው እየቀረጸ ሲሠራ የኖረ ነው።

ሥራው የሚጀምረው አሮጌውን ከመጣል በፊት ነው። ርዝመቱ፣ የመግቢያና የመውጫ ቱቦው ስፋት፣ የሚታጠፍበት አቅጣጫና የመስቀያዎቹ ቦታ ይለካል። ከዚያ ሆዱ በቁመቱ ተከፍቶ የውስጡ አሠራር ይታያል። ቀጥሎ የሆዱ መጠን ይታሰባል። ማርሚታ ከሞተሩ መጠን ብዙ እጥፍ መያዝ አለበት። ለምሳሌ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 45 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ክብ ሆድ ስምንት ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ይህ የፔጆዋን ሞተር አምስት እጥፍ ያህላል። ከመሬት ጋር እንዳይጋጭ ከተፈለገ ክቡ ጠፍጠፍ ተደርጎ ሞላላ ይሆናል፣ የሚይዘው መጠን ግን መቀነስ የለበትም።

ብዙ ማርሚታ የሚበላሸው ቀዳዳው ላይ ነው። የውስጡ ቱቦ ጫፉ ተደፍኖ ጋዙ በጎኑ እንዲወጣ ከተደረገ፣ የቀዳዳዎቹ ድምር ስፋት ከቱቦው አፍ ማነስ የለበትም። አፉ 40 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቱቦ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ከተበሳ ሂሳቡ 64 ቀዳዳ ይመጣል። ጋዝ በትንንሽ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚጨናነቅ ደግሞ 80 ወይም 90 መብሳት ይሻላል። መብሳቱ ስለሚያደክም 30 ላይ የሚያቆም በያጅ ጸጥ ያለ ማርሚታ ያስረክባል፤ ደንበኛው ይደሰታል፣ ሞተሩ ግን ይታፈናል። ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ይግላል፣ ውሎ አድሮም የጭስ ቫልቩ ይቃጠላል።

ለሆዱ ከ1.2 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ይበቃል። አሮጌ በርሜል ቀድዶ መጠቀም የተለመደ ነው፤ ነዳጅ የነበረበት በርሜል ግን በደንብ ሳይታጠብ እሳት ከነካው ይፈነዳል። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ወይም የውሃ ቱቦ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ትኩሳት ላይ ይጥለዋል፤ ስለዚህ ሽፋኑ አስቀድሞ መፋቅ ይኖርበታል። ብየዳው መኪናዋ ላይ ከሆነ የባትሪው ገመድ ይነቀላል፣ የቤንዚን ታንኩም ከኋላ ስለሆነ ከብልጭታ ይጠበቃል። ሞተሩ በጎማ ላይ ስለሚንቀጠቀጥ ማርሚታውም በጎማ መስቀያ መንጠልጠል አለበት። ከሻንሲው ጋር በብረት ከታሰረ ብየዳው ሳይሰነብት ይሰነጠቃል።

ከተገጠመ በኋላ ፍተሻው ቀላል ነው። ሞተሩ ተነሥቶ የጭስ መውጫው በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ ሲደፈን አየር የሚያስተነፍስ መጋጠሚያ ራሱን ያጋልጣል። ይህ የጩኸት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከሚያፈስ ቱቦ ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰውም ይገድላል። ሁለተኛው ፈተና ዳገት ነው። ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ በደንገጎ አድርጎ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ የታፈነን ሞተር ይለየዋል። ሜዳ ላይ ደህና ስትሄድ የነበረች ፔጆ ማርሚታ ከተቀየረላት በኋላ ዳገቱን በአንድ ማርሽ ዝቅ ብላ ከወጣች፣ ጥፋቱን ካርቡሬተሩ ላይ ከመፈለግ በፊት ማርሚታውን ፈትቶ መሞከር ይቀድማል።

መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ኤክሳይዝ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና ማርሚታ የለውም። አገር ውስጥ ያሉት የቤንዚን መኪኖች ግን ተተኪያቸው በራቀ ቁጥር ዕድሜያቸው ይረዝማል፣ የማርሚታ ሥራም አብሯቸው ይቆያል። ስለዚህ ማርሚታ የሚያሠራ ሰው ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ውስጡ ስንት ቀዳዳ አለው? ልኩስ የት ተጽፏል? ያ ወረቀት ለሚቀጥለው ማርሚታ ያስፈልጋል።