እውነት ወይስ ተረት? የዓይናችን ነጭ

የዓይን ሙገሳ ሁሉ የብሌን ነው። ነጩን ብዙዎቻችን ለጌጥ ዙሪያውን እንደተተወ ባዶ ቦታ እናየዋለን። ቀለሙ ትንሽ ሲለወጥ ደግሞ የሌለ በሽታ እናነብበታለን፤ ያለውን በሽታ ሲያሳየን ግን በወፍ እናመካኛለን።

ተረት፦ «ነጩ ክፍል ለማየት አይረዳም»

ብርሃን በእሱ በኩል እንደማይገባ እውነት ነው። ሐኪሞች ስክሌራ የሚሉት ይህ ጠንካራ ሽፋን ግን ከዓይን ኳስ ውጫዊ ግድግዳ ከስድስት አምስቱን እጅ ይይዛል፤ በመስታወት የምናየው ጥቂቱን ብቻ ነው። ዓይንን የሚያዞሩት ስድስት ጡንቻዎች የተያያዙት ከእሱ ጋር ነው። ከውስጥ የሚገፋውን ግፊት ተቋቁሞ የኳሱን ቅርፅ የሚያጸናውም እሱ ነው። ይህ ግድግዳ ወደ ኋላ ከተለጠጠ ምስሉ ሬቲና ላይ ሳይደርስ ከፊቱ ያርፋል፤ ሩቁ ነገር የሚደበዝዝባቸው ብዙ ሰዎች ችግራቸው ይኸው ነው።

የሚገርመው፣ ፊት ለፊት ያለው ብርሃን አሳላፊ ኮርኒያም በዋናነት የተሠራው ኮላጅን ከሚባለው ከዚያው ፕሮቲን ነው። ኮርኒያ ውስጥ ክሮቹ እንደ ሸማኔ ድር በእኩል ርቀት ተዘርግተዋል። ስክሌራ ውስጥ ወፍራሙና ቀጭኑ ተዘበራርቆ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ነጭ የሆነውም ለዚህ ነው።

ተረት፦ «ዓይኑ ደም ከለበሰ ነጩ ታሟል»

አብዛኛውን ጊዜ የሚቀላው ነጩ ሳይሆን በላዩ የተነጠፈው ኮንጃንክታይቫ የሚባለው ስስ ሽፋን ነው። ጠንከር ያለ ሳል ወይም ከባድ ዕቃ ማንሳት እዚያ ያለች ትንሽ የደም ሥር ሲያፈርጥ ደማቅ ቀይ ነጠብጣብ ይታያል። ያስደነግጣል እንጂ አያምም፤ በአንድ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። መቅላቱ ከብርቱ ሕመም፣ ብርሃን ከመፍራት ወይም ከእይታ መደብዘዝ ጋር ከመጣ ግን የዚያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ከጎረቤት የተረፈ ጠብታ መዋስ ደግሞ መጥፎ ልማዳችን ነው። እንደ ዴክሳሜታዞን ያሉ ስቴሮይድ ያላቸው ጠብታዎች ያለ ክትትል ሲቆዩ የዓይንን ግፊት ጨምረው ለግላኮማ ሊዳርጉ ይችላሉ።

ተረት፦ «ጤናማ ዓይን እንደ ወተት ነጭ ነው»

ቆዳችን የጠቆረ ሰዎች ብዙዎቻችን በሁለቱም ዓይን ነጭ ላይ ቡናማ ጥላ ወይም ነጠብጣብ አለን። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን ነው፤ ቆሻሻም የጉበት ምልክትም አይደለም። በአንድ ዓይን ብቻ የወጣና እያደገ የሚሄድ ነጠብጣብ ግን ይታይ። የሕፃናት ነጭ ሰማያዊ መሰል የሚሆነው ገና ስስ ስለሆነ ነው፤ በእርጅና ደግሞ ስብ እየተጠራቀመ ቢጫ ቢጫ ይላል። ለማንጻት ሎሚ ወይም የቅጠል ጭማቂ ማንጠባጠብ ኮርኒያን ከማቁሰል በቀር ትርፍ የለውም።

ተረት፦ «ቢጫ ያደረገው ወፍ ነው»

ወፍ በላዩ አልፋ ወይም የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው ይባላል። እውነተኛው ምክንያት ቢሊሩቢን ነው፤ አርጅተው የሚፈርሱ ቀይ የደም ሕዋሳት የሚተዉት ቢጫ ዝቃጭ። ጉበት ከሐሞት ጋር ሊያስወግደው ሲያቅተው በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ቢጫነቱም ከቆዳ ቀድሞ ዓይን ላይ ይነበባል። የሚያስከትሉት ነገሮች ብዙ ናቸው፦ በተበከለ ውሃ የሚተላለፈው ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ፣ በደም የሚተላለፉት ቢ እና ሲ፣ የሐሞት ጠጠር፣ ቀይ ሕዋሳትን የሚያፈርስ ወባ፣ አንዳንዴም የቲቢ መድኃኒት።

ታዲያ ቅጠል ጠጥተው የዳኑትስ? ሄፓታይተስ ኤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይለቃል፤ ምስጋናውን ግን ቅጠሉ ይወስደዋል። አንዳንዱ ቅጠል ራሱ ጉበት ይጎዳል። ደግሞም ዓይን ነጭ መሆኑ ለጉበት ዋስትና አይሆንም፤ ሄፓታይተስ ቢ ዓይንን ቢጫ ሳያደርግ ለዓመታት ተደብቆ ጉበት ላይ ጠባሳ ሊፈጥር፣ ካንሰርም ሊያመጣ ይችላል። የሚለየው የደም ምርመራ ነው። መከላከያ ክትባቱ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን የሕፃናት ክትባት ውስጥ ተካቷል።

አራስ ልጅን ፀሐይ ማሞቅም ለቢጫነት ሕክምና ሆኖ አይበቃም። ብዙ አራሶች ከተወለዱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን መጠነኛ ቢጫነት ያሳዩና ይለቃቸዋል። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ቢጫ የሆነ፣ ወይም ቢጫ ሆኖ ጡት እምቢ ያለና የደከመ ልጅ ግን በአስቸኳይ ሐኪም ይየው፤ ቢሊሩቢኑ ከመጠን ሲያልፍ አንጎልን ይጎዳል።