ያውቁ ኖሯል? ብጉር የሚያመጣው «የብጉር ቅባት»

በአዲስ አበባ፣ በመርካቶ የመዋቢያ ሱቆች ከሎሽንና ከፀጉር ቅባት ጎን ተደርድረው ለብጉርና ለማዲያት ከሚሸጡት ቅባቶች አንዳንዶቹ መዋቢያ ሳይሆኑ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ሊሰጡ የሚገባቸው መድኃኒቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ክሎቤታሶል ነው፤ እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት የስቴሮይድ ቅባቶች የሚመደብ፣ ለከባድ ችፌና ለመሰል ሕመሞች የታሰበ፣ በተከታታይ ከ2 ሳምንት በላይ እንዳይቀባ የሚመከር። ለፊትማ ጨርሶ አይመረጥም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መቅላቱንና እብጠቱን ስለሚያከስም ፊት የጠራ ይመስላል፤ ማታለያው ይህ ነው። ሲቆይ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ ጉንጭ ላይ ቀያይ የደም ሥሮች ይወጣሉ፣ ያልተፈለገ ፀጉር ይበቅላል፤ መጠናቸው የተመሳሰለ ጥቃቅን ብጉሮችም በአንድ ጊዜ ይወርራሉ። በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል፤ ተጠቃሚው ያንኑ ቅባት ፍለጋ ወደ ሱቁ ይመለሳል።

ለብጉር በአግባቡ የሚታዘዙት መድኃኒቶችም ጣጣ አያጡም። ዶክሲሳይክሊን የወሰደ ሰው ፀሐይ ቶሎ ታቃጥለዋለች፤ በቂ ውኃ ሳይጠጣ ውጦት ወዲያው ከተኛም የምግብ ቧንቧው ሊቆስል ይችላል። አይሶትሬቲኖይን ከንፈርን ያደርቃል፤ ከባዱ ጉዳቱ ግን በፅንስ ላይ የሚያደርሰው የአፈጣጠር ጉድለት ስለሆነ፣ ሴቶች ሲወስዱትም ሆነ ካቆሙ በኋላ 1 ወር እስኪሞላ ማርገዝ የለባቸውም።