ቁራሽ እንጀራና ዝማሬ

«በእንተ ስማ ለማርያም!»

በጋይንት ይህ ድምፅ ከደጅ ሲሰማ የቤቱ እመቤት ወደ መሶቧ ታመራለች። የቆመው ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያንጠለጠለ የቆሎ ተማሪ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሩቅ አገር የመጣ፣ በአካባቢው ዘመድ የሌለው። ቁራሹን ተቀብሎ፣ ውሻውን በዱላው እየመከተ ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋል።

ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ በሚገኘው በዚህ ደጋ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ታላላቅ የምስክር ጉባኤ ቤቶች አሏት። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። ዜማ በሌላ አገር የተማረ ሰው እንኳ ዕውቀቱን ሊያስመሰክር ወደዚህ ይመጣል። ትውፊቱ እንደሚለው፣ ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከአፄ ገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋር ወደ ዙር አባ መጥቶ ዝማሬንና መዋሥዕትን የደረሰው እዚያው ነው።

ትምህርቱ የቃል ነው። ተማሪው ከየኔታ ፊት ቁጭ ብሎ ይቀጽላል፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን የዜማ ስልቶች እየለየ ያዜማል፤ ሲስት የኔታ ይመልሱታል። ቀን የተቀበለውን ሌሊት በጎጆው ይከልሰዋል። እንዲህ ሲል ዓመታት ይቆጠራሉ፤ አርሶና ነግዶ ራሱን የሚመግብበት ፋታ የለውምና ያለ መንደሩ ቁራሽ ትምህርቱ አይዘለቅም።

የሚማረው ዜማም የምግብ ስም አለው። ዝማሬ ከቅዱስ ቁርባን ጋር የተያያዘ ዜማ ሲሆን አምስት ክፍሎች አሉት፤ ኅብስት፣ አኰቴት፣ ጽዋዕ፣ መንፈስና ምሥጢር። በደረቅ ቁራሽ የሚያድረው ልጅ ሌት ተቀን በቃሉ የሚይዘው ኅብስቱንና ጽዋውን ነው።

በዓመት አንድ ቀን ደግሞ ሰጪና ተቀባይ ቦታ ይለዋወጣሉ። ነሐሴ 13፣ በደብረ ታቦር በዓል፣ በሕዝቡ አጠራር በቡሄ፣ ተማሪዎቹ ከየመንደሩ ለምነው ያጠራቀሙትን እህል ዳቦና ጠላ አድርገው ለየኔታና ለጎረቤቱ ይደግሳሉ። ጌታ በታቦር ተራራ ክብሩን ለደቀ መዛሙርቱ የገለጠበት ዕለት በመሆኑ፣ በዓሉ የተማሪዎች ነው ይባላል።

በዙር አባ ከዝማሬ ጋር የሚማሩት መዋሥዕት ደግሞ የሚዜመው ለሙታን ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ከመሶቧ ስትቆርስ የኖረች እናት ስታርፍ ካህናቱ በላይዋ የሚያዜሙት፣ እነዚያ ደበሎ ለባሾች በእርሷ እንጀራ እያደሩ የያዙትን ቃል ነው።