ክሎሪን በወጥ ውስጥ፣ ክሎሪን በሰማይ ላይ

ወጥ ውስጥ ከምንጨምረው ጨው በክብደት 60 በመቶ ያህሉ ክሎሪን ነው። ከራሳችን በላይ በአስሮች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ከፍታ ላይ ያለውን የኦዞን ሽፋን ሲያሳሳ የኖረውም ይኸው ክሎሪን ነው። አንዱ ለሕይወት የግድ ያስፈልገናል፣ ሌላው ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጋርደንን ያፈርሳል። ልዩነታቸው አንዲት ኤሌክትሮን ናት፤ አዮንና ራዲካል የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው።

የክሎሪን አቶም 17 ፕሮቶንና 17 ኤሌክትሮን አለው። ቁጥሩ እኩል ስለሆነ ቻርጅ የለውም። ኤሌክትሮኖች ግን በአብዛኛው ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚቀመጡት፤ በክሎሪን ውጫዊ እርከን ላይ ካሉት 7 ኤሌክትሮኖች ስድስቱ ሲጣመሩ አንዷ ብቻዋን ትቀራለች። እንዲህ ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ያለው አቶም ወይም ሞለኪውል ራዲካል ይባላል። ጨው ሲፈጠር ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ለክሎሪን ይለቅለታል። አሁን ክሎሪን 18 ኤሌክትሮን አለው፤ ሁሉም ተጣምረዋል፤ ነገር ግን ከፕሮቶኑ በአንድ ስለበለጡ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው አዮን ሆኗል። ጨዉ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ የውሃ ሞለኪውሎች በሃይድሮጅናቸው በኩል ዞረው ይከቡታል። በደማችንም ውስጥ እንዲሁ ተከቦ ይዘዋወራል። ቻርጅ አለው ማለት አደገኛ ነው ማለት አይደለም።

ሰማይ ላይ ያለው ታሪክ ሌላ ነው። በፍሪጅና በሚረጩ ሽቶዎች ጣሳ ውስጥ ያገለግሉ የነበሩት ክሎሮፍሎሮካርቦኖች ወደ ላይ ሲደርሱ አልትራቫዮሌት ጨረር ካርቦንና ክሎሪንን የሚያያይዘውን ትስስር ይበጥሰዋል። ትስስሩ ሁለት ኤሌክትሮን ነበረው። ሁለቱንም ክሎሪን ይዞ ቢሄድ አዮን ይሆን ነበር፤ የሚደርሰው ግን እኩል አንድ አንድ ስለሆነ ራዲካል ሆኖ ይወጣል። ይህ ክሎሪን ከኦዞን አንድ ኦክስጅን ነጥቆ ክሎሪን ሞኖክሳይድ ይሆናል፤ ክሎሪን ሞኖክሳይዱም ነጠላ የኦክስጅን አቶም ሲያገኝ ክሎሪኑን መልሶ ነጻ ይለቀዋል። የተለቀቀው ክሎሪን ወደ ሌላ ኦዞን ይሄዳል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ራዲካሉ ጎዶሎ የኤሌክትሮን ቁጥር አለው፣ ኦዞን ሙሉ ቁጥር አለው። ጎዶሎና ሙሉ ሲደመር ሁልጊዜ ጎዶሎ ነውና ከግጭቱ በኋላ አንድ ቦታ ላይ ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን መቅረቱ አይቀርም። ሰንሰለቱ በቀላሉ የማይቋረጠው ለዚህ ነው፤ አንድ የክሎሪን አቶም 100,000 ያህል የኦዞን ሞለኪውሎችን ሊያጠፋ ይችላል። ኬሚስቶቹ ማሪዮ ሞሊናና ሼርዉድ ሮውላንድ አደጋውን እ.ኤ.አ. በ1974 አመለከቱ፤ በ1987 ክሎሮፍሎሮካርቦኖችን የሚገድበው የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ በ1995 ከፖል ክሩትሰን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ስለዚህ አዮን የሚባለው በቻርጁ ነው፣ ራዲካል የሚባለው ጥንድ ባጣች ኤሌክትሮኑ። ሁለቱም በአንድ ላይ ሊገኙ ይችላሉ። የምንተነፍሰው ኦክስጅን በሕዋሳችን ውስጥ አንድ ኤሌክትሮን ሲቀበል ሱፐርኦክሳይድ ይሆናል፤ 16 ፕሮቶንና 17 ኤሌክትሮን ስላለው አዮንም ራዲካልም ነው። አንዳንድ ነጭ የደም ሕዋሳት ባክቴሪያ ለመግደል እሱን ያመርታሉ። የደም ሥሮቻችንን የሚያሰፋው ናይትሪክ ኦክሳይድም ራዲካል ነው።

«ፍሪ ራዲካልን ያጠፋል» እየተባለ የሚሸጥ እንክብል በርካታ ነው። ሰውነት ግን ራዲካልን ይጠቀምበታል፣ ሲበዛም የሚቆጣጠርበት የራሱ ኢንዛይም አለው። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ የፊንላንድ ጥናት ከእነዚህ አንዱ የሆነውን የቤታ ካሮቲን እንክብል የወሰዱ አጫሽ ወንዶች ካልወሰዱት ይልቅ በሳንባ ካንሰር የመያዝ መጠናቸው በ18 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ማስታወቂያ አይታችሁ እንዲህ ያለ እንክብል ከመግዛታችሁ በፊት፣ በተለይ የምታጨሱ ከሆነ፣ ሐኪም አማክሩ።