እያቀላቀሉ ማለማመድ

ሰልጣኝ አንድን እንቅስቃሴ ሃያ ጊዜ ደጋግሞ በመጨረሻ አሳምሮ ሲሠራው አሰልጣኙ «በቃ፣ ገብቶሃል» ይለዋል። በሳምንቱ ሲመለስ ግን እጁ ይሳሰራል። ይህ ብዙ ጊዜ የሰልጣኙ ስንፍና አይደለም፤ ልምምዱ የተዘጋጀበት መንገድ ነው። መፍትሔ የሚሆን፣ ብዙ አሰልጣኞች ግን የማይደፍሩት ዘዴ አለ፦ ክህሎቶችን እያቀላቀሉ ማለማመድ።

ዘዴው ትኩረት የሳበው ጆን ሼይና ሮቢን ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት ነው። ሥራው ቀላል ነበር። መብራት ሲበራ ሰልጣኙ የቴኒስ ኳስ ያነሳል፤ ከፊቱ ከቆሙት ስድስት ትናንሽ እንጨቶች ሦስቱን በታዘዘው ቅደም ተከተል መትቶ ይጥላል፤ ኳሱንም መድረሻው ላይ ያኖራል። የሚጠናው ቅደም ተከተል ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ቡድን አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው አላለፈም። ሁለተኛው ሦስቱንም እያዘበራረቀ ሠራ። በልምምዱ ሰዓት ፈጣኑ የመጀመሪያው ቡድን ነበር። ከ10 ደቂቃና ከ10 ቀን በኋላ ሲፈተኑ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ብልጫውን የወሰዱት ሲዘበራረቅባቸው የነበሩት ናቸው።

ውጤቱ ሜዳም ላይ ታይቷል። ሲና ጉድና ሪቻርድ ማጊል እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት ጀማሪዎች ሦስት ዓይነት የባድሚንተን ሰርቭ ተለማመዱ። ሰርቮቹን እያቀላቀሉ የመቱት፣ ለፈተናው ወደማያውቁት የሜዳ ወገን ሲዛወሩ እንኳ ከሌሎቹ በለጡ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አንድ ነገር ሲደጋገም ያለፈው ሙከራ ገና አእምሮ ውስጥ ስላለ ሰውየው መቅዳት ብቻ ይበቃዋል። ሲቀላቀል ግን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ከትዝታው ፈልጎ እንደ አዲስ ማሰናዳት፣ ከሌላውም መለየት ግድ ይሆንበታል። ፈተናም ሆነ እውነተኛ ሥራ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

የሚያስቸግረው የሰልጣኙ ስሜት ነው። አላን ባድሊና ሎንግማን የብሪታንያ ፖስታ ሠራተኞች በጽሕፈት መኪና መጻፍ ሲማሩ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙት ሥራ፣ ስለ ማቀላቀል ሳይሆን ልምምድን በቀናት ስለ መከፋፈል ቢሆንም፣ ይህን በግልጽ ያሳያል። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ የተማሩት፣ በቀን አራት ሰዓት ከተማሩት ይልቅ በጥቂት ጠቅላላ ሰዓት ክህሎቱን ያዙ፤ በሥልጠናው ይበልጥ ቅር የተሰኙት ግን እነሱው ነበሩ። ስለዚህ «ተመችቶኛል» የሚለው ቃል ብቻውን ምስክር ሊሆን አይገባም።

ዘዴው ለሁሉም እኩል አይሠራም። በሜዳ ላይ ጥቅሙ ከቤተ ሙከራው ያነሰ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ የመኪና መሪ ጨብጦ ለማያውቅ ጀማሪም መጀመሪያ አንዱን ነገር ብቻ ደጋግሞ መሥራት ይሻለዋል።

መኪና መንዳት የሚያስተምሩ ከሆነ፣ መሠረቱን ለያዘ ሰልጣኝ ዳገት ላይ ማስነሳትን፣ ወደ ኋላ መንዳትንና ጠባብ ቦታ ማቆምን በአንድ ሰዓት ውስጥ እያፈራረቁ ያሠሩት። ብቃቱንም በዕለቱ መጨረሻ ሳይሆን በሚቀጥለው ቀጠሮ መጀመሪያ ላይ፣ ምንም ሳያስታውሱት ይመዝኑ።